ዝገትና አደራ

በመንገደኞች ማረፊያ በምትታተም በዚህች ትንሽ መጽሔት ስለ አሮጌ መኪና ዝገት ለመጻፍ መነሣት፥ ምናልባት ከቦታውና ከአንባቢው ጋራ የማይስማማ ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል። መንገደኛው ከሩቅ አገር የመጣው ስለ ነፍሱ ሊያስብ ነው፤ አባቶችም በዚህ የተቀመጡት የሚያልፈውን ትተው የማያልፈውን ሊፈልጉ ነው። ሆኖም ዝገት የሚለው ቃል ለመካኒክ ብቻ የተሰጠ ቃል አይደለም። ወንጌል ሰው በምድር የሚያከማቸውን ሀብት ብልና ዝገት እንደሚያጠፉት ሲያስተምር፥ ከዓለም ነገር ሁሉ መርጦ ይህንኑ ምሳሌ አቅርቦታል።

እንግዲህ በዚሁ ትምህርት ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሀብት ሁሉ መጨረሻው ጥፋት ከሆነ፥ ዝገት ሲፍቅ፥ ግራሶ ሲቀባ፥ ዘይት ሲለውጥ የሚውል ሰው የሚጠፋውን ነገር በከንቱ የሚያባብል ሞኝ ነውን? ወይስ የተሰጠውን አደራ የሚጠብቅ ታማኝ ነው? ይህ ጥያቄ በሪያድ ከተማ፥ በአንዲት ትንሽ አሮጌ መኪና ምክንያት በራሴ ላይ ስለ ደረሰ፥ ነገሩን እንደ ሆነው ለአንባቢ ለማቅረብ ወድጃለሁ።

አሮጌ መኪናን መንከባከብ ያየሁት በአዲስ አበባ በልጅነቴ ነው። በጎረቤታችን የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ቮልስዋገን ነበረቻቸው፤ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ‹‹ቮልስ›› እያልን የምንጠራት፥ ጀርባዋ እንደ ዔሊ የጎበጠው ያችው መኪና ናት። ይህች ዐይነት መኪና በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራች በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ አገር የመጨረሻዋ ተሠርታ መመረቷ ቆመ። በአገራችን ግን ባለቤቶቿ ስላልጣሏት ዛሬም በአዲስ አበባ መንገድ ላይ አልፎ አልፎ ትታያለች። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በነፋስ ስለ ሆነ ራዲያተር የላትም። ባትሪዋም የተቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው።

ሽማግሌው ክረምቱ አልፎ መስከረም በጠባ ጊዜ፥ በመጀመሪያው ደረቅ ቅዳሜ እጅጌአቸውን ይሰበስቡና በየፓራፋንጎው ውስጥ የተጋገረውን ጭቃ በውሃና በእንጨት ፍቀው ያወጣሉ። የኋላውን መቀመጫ አንሥተው ከባትሪው ሥር ያለውን ወለል በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ ከበሮቹ ግርጌ ያሉትንም የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ ይከፍታሉ። አንድ ቀን አጠገባቸው ቆሜ ሳይ፥ ‹‹አባባ፥ መኪናዋ እኮ ደኅና ናት፤ ለምን በየዓመቱ እንዲህ ይደክማሉ?›› ብዬ ጠየቅኋቸው። ‹‹ደኅና የሆነችው ስለምደክም ነዋ፥ ልጄ›› ሲሉ መለሱልኝ። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ዝገት ምን እንደ ሆነ ባጭሩ መናገር ለነገራችን ይረዳል። ብረት ከምድር ሲቆፈር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከኦክሲጅን ጋራ ተዋሕዶ፥ ቀይ ድንጋይ ወይም ቀይ አፈር መስሎ ነው፤ ሰው በታላቅ እሳት አቅልጦ ለይቶ ያወጣዋል። ስለዚህ ብረት ውሃና አየርን ባንድነት ባገኘ ጊዜ ሁሉ ወደ ቀድሞው ጠባዩ ይመለሳል። ዝገት ማለት ይኸው መመለስ ነው። ውሃው ጨው የተቀላቀለበት እንደ ሆነ ደግሞ የኤሌክትሪክን ኀይል በቀላሉ ስለሚያሳልፍ ጥፋቱ ይፈጥናል።

አሉሚኒየም ከአየር ጋራ ሲገናኝ በላዩ የሚያወጣው ሽፋን ጥብቅ ስለ ሆነ የውስጡን አካል ይጠብቀዋል። የብረት ዝገት ግን ልልና ቀዳዳ የበዛበት ስለ ሆነ ውሃውንና አየሩን ወደ ውስጥ ያሳልፋል፤ እንዲህም እያለ ሽፋን መስሎ ሥር ድረስ ይበላል። የሚይዘውም ስፍራ ከበላው ብረት ስፍራ ስለሚበልጥ፥ ቀለሙን ከሥሩ እየገፋ ያሳብጠዋል። በመኪና ገላ ላይ እንደ ቡግንጅ የምትታየው ትንሽ እብጠት የበሽታው መጀመሪያ አይደለችም፤ በውስጥ ሲሠራ የቈየው ነገር ወደ ውጭ መድረሱን የምታስታውቅ ምልክት ናት።

በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ለእንጀራ ስል ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ተሻግሬ በሪያድ ከተማ ተቀመጥሁ። ሥራዬም የአንድ መጋዘን ዕቃ መዝገብ መያዝ ነበር። ሪያድ ከባሕር ጠለል 600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፥ በየወገኑ ከባሕር ርቃ፥ በበረሓ መካከል የተሠራች ታላቅ ከተማ ናት። በዓመት የምታገኘው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የአዲስ አበባ ዝናብ የዚህን ዐሥር እጥፍ ያልፋል። በበጋ ወራት ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ የሚበልጥበት ቀን ብዙ ነው።

በከተማይቱ መካከል መስመክ የሚባል፥ ከጭቃ ጡብ የተሠራ አሮጌ ምሽግ አለ፤ ዐብዱልዐዚዝ ኢብን ሳዑድ እ.ኤ.አ. በ1902 ዓ.ም. ከጥቂት ሰዎች ጋራ በሌሊት ገብተው ከተማይቱን የያዙበት ነው። በዚያ ቀን የተወረወረ ነው የሚባል የጦር ስባሪ ከመቶ ዓመት በላይ በበሩ ላይ ተሰክቶ ቀርቶ ለጎብኚ ይታያል። ይህን ባየሁ ጊዜ፥ ‹‹በዚህ አገር ብረት አይዝግም ማለት ነው›› ብዬ በልቤ ተናገርሁ። አነጋገሬ እውነት ነበረበት፤ ነገር ግን ሙሉ እውነት አልነበረም።

በ2002 ዓ.ም. ከደመወዜ ያጠራቀምሁትን ገንዘብ አውጥቼ፥ የጃፓን ሥራ የሆነች፥ ዐሥራ አራት ዓመት ያገለገለች ትንሽ መኪና ገዛሁ። የሪያድ የባቡር መሥመር የተከፈተው በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. ነው፤ እኔ በነበርሁበት ጊዜ ግን በዚያች ሰፊ ከተማ መኪና የሌለው ሠራተኛ ከሥራው ለመድረስ እጅግ ይቸገር ነበር። ለእኔ መኪናይቱ ጌጥ አልነበረችም፤ እንጀራዬ የተያያዘው ከእርሷ ጋራ ነበርና።

ብዙም ሳልቈይ፥ ዝገት በሌለበት አገርም ቢሆን ጥፋት ሥራ እንደማይፈታ ተማርሁ። ብረቱን የማይነካው ድርቀት ጎማውን ይሰነጥቀዋል፤ ሙቀቱ ባትሪውን በሁለት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ያደክመዋል፤ ቺንጋው ይደርቅና ሳይታሰብ ይበጠሳል። አቧራው ደግሞ የማይገባበት የለም። ገና መኪና ሳልገዛ፥ መጋቢት 1 ቀን 2001 ዓ.ም. በሪያድ ላይ የወረደው የአቧራ ማዕበል ቀኑን አጨልሞት ነበር፤ በማግሥቱ ጎረቤቶቼ የመኪናቸውን አየር ማጣሪያ አውጥተው ሲያራግፉ፥ እንደ ዱቄት ያለ አፈር ከደጃፋቸው ሲከመር አይቻለሁ።

ስለዚህ የጎረቤታችንን የሽማግሌውን ልማድ አስታውሼ፥ ዓርብ የዕረፍት ቀን ስለ ነበር፥ በየሳምንቱ ዓርብ ፀሐይ ሳትበረታ አንድ ሰዓት ለመኪናይቱ ሰጠሁ። ኮፈኑን ከፍቼ የሞተሩን ዘይትና የራዲያተሩን ውሃ ልክ አያለሁ፤ የፍሬኑን ዘይት እመለከታለሁ፤ ቺንጋውን በጣቴ እየደፈቅሁ መርገቡንና መሰንጠቁን እመረምራለሁ፤ የባትሪውን ምሰሶዎች ከነጭ ሻጋታ አጽድቼ ግራሶ እቀባለሁ፤ የጎማዎቹንም ነፋስ እለካለሁ። የሞተሩን ዘይት ከነፊልትሮው በየአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር እለውጥ ነበር። ይህ ሁሉ ምንም የሚያስደንቅ ሥራ አይደለም። ይልቁንም አሰልቺ ነው፤ ቢሠራ የሚያመሰግን የለም፤ አንድ ዓርብ ቢታለፍም ምንም የሚታይ ጕዳት አይመጣም። ፈተናውም ያለው በዚሁ ላይ ነው፤ ያለፈው ዓርብ ምንም ስላላመጣ የሚመጣውም ዓርብ ምንም የማያመጣ ይመስላልና። ‹‹ሳይቃጠል በቅጠል›› የሚለው የአባቶች ምሳሌ የተነገረው፥ እሳቱ ገና ሳይታይ ቅጠል ይዞ መነሣት ለሰው ከባድ ስለ ሆነ ይመስለኛል።

በሦስተኛው ዓመት መኪናይቱን ሳጥብ፥ ከግራው በር ግርጌ፥ ከመወጣጫው ላሜራ ላይ የጥፍር ጫፍ የምታህል እብጠት አየሁ። በአውራ ጣቴ ብጫናት ቀለሙ ተሰብሮ ቀይ ትቢያ ረገፈ። በጣም ተደነቅሁ፤ በዚህ ደረቅ አገር ዝገት ከወዴት መጣ? የመኪናይቱን የቀድሞ ወረቀቶች ገልጬ ብመለከት፥ ወደ ሪያድ ከመምጣቷ አስቀድሞ ብዙ ዓመት የኖረችው በጅዳ ነበር። ጅዳ ከሪያድ በመኪና መንገድ 950 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በቀይ ባሕር ዳር የተቀመጠች፥ አየሯ እርጥብና ጨዋማ የሆነ ከተማ ናት። መኪናይቱ ባሕሩን ትታ ወደ በረሓ ብትመጣም፥ በላሜራዋ መታጠፊያ ውስጥ የገባውን ጨው ይዛው መጥታለች። ጨው ደግሞ ከአየሩ ያለችውን ጥቂት እርጥበት እንኳ ስቦ የመያዝ ጠባይ አለው። ለእኔም ስትሸጥ በላይዋ አዲስ ቀለም ተቀብቶባት ነበርና፥ የሸጠልኝ ሰው ያውቅ እንደ ነበረ ተረዳሁ።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ጊዜ ማድረግ የሚገባኝ የታወቀ ነበር። ዝገት የሚድነው እስከ ንጹሑ ብረት ድረስ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፥ የተበላው ላሜራ ተቈርጦ፥ አዲስ ተበይዶ፥ የዝገት መከላከያ ቀለም ሲቀባ ነው። እኔ ግን ‹‹አገሩ ደረቅ ነው፤ አይብስበትም›› እያልሁ ሥራውን አቈየሁት። ሌላውን ሁሉ በየዓርቡ እያየሁ፥ ያችን አንዲት ስፍራ ግን ሳላይ ማለፍን ለመድሁ። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት ሊሞላው ተቃረበ።

በጥቅምት ወር 2006 ዓ.ም. በሳዑዲ ዐረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ ለሌላቸው የውጭ አገር ሰዎች የተሰጠው የምሕረት ጊዜ ተፈጸመ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ወራት ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። የአገራችን ሰዎች በብዛት ይኖሩበት በነበረው በመንፉሓ ሰፈር ያን ጊዜ የነበረውን ጭንቀት፥ የነበረ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። የእኔ ፈቃድ የጸና ነበር፤ ነገር ግን የሥራ ውሌ በዚያው ወራት አለቀና እኔም ለመመለስ ተነሣሁ። የአውሮፕላን ቲኬት ከቈረጥሁ በኋላ የቀረኝ ዐሥራ ሁለት ቀን ነበር። በእጄ ያለችው መሸጫ መኪናዬ ብቻ ነበረች፤ ዋጋዋም አዲስ አበባ ስገባ ለቤት ኪራይና ለልጆቼ ትምህርት ቤት ያሰብሁት ገንዘብ ነበር።

አገሬው ‹‹ሰናዒያ›› እያለ ወደሚጠራው የጋራዦች ሰፈር ወስጄ መኪናይቱን ለአንድ ባለሙያ አሳየሁት። እርሱም እንደ እኔ ከሩቅ አገር የመጣ ሠራተኛ ነበር። ተንበርክኮ ላሜራውን ከቈረቈረ በኋላ ሁለት መንገድ ሰጠኝ። አንደኛው ቈርጦ መበየድ ነው፤ ሦስት ቀንና 1200 ሪያል ይፈጃል። ሁለተኛው ስቱኮ ሞልቶ፥ አለስልሶ፥ ቀለም መቀባት ነው፤ እኩል ቀንና 300 ሪያል ይበቃዋል። ‹‹ትሸጣት እንደ ሆነ ሁለተኛው ይሻልሃል›› አለኝ። እኔም እሺ አልሁ። ይህን የምጽፈው ራሴን ንጹሕ አድርጌ ሌላውን ለመገሠጽ አይደለም፤ ስቱኮውን ያስሞላሁት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ምሽት ገዢው መጣ። በሌሊት በአንድ ዳቦ ቤት የሚሠራ፥ ፈቃዱ የተስተካከለ፥ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው የአገራችን ልጅ ነው። የዳቦ ቤቱ ሥራ በእኩለ ሌሊት ስለሚጀምር መኪና ያስፈልገው ነበር። መኪናይቱን አንድ ጊዜ ዞሮ ካያት በኋላ በዘጠኝ ሺህ ሪያል ተስማማን። ‹‹ሥሯንም ጎንበስ ብለህ እይ እንጂ›› አልሁት፤ አነጋገሬ ግን እንዲያይ ፈልጌ ሳይሆን፥ ኋላ ‹‹ብየው ነበር›› ለማለት ነበር። እርሱም ፈገግ ብሎ፥ ‹‹ጋሼ፥ እርስዎ ከሸጡልኝ ምን እመረምራለሁ!›› አለኝ። ገንዘቡን ነገ ሊያመጣልኝ ተቀጣጥረን ሄደ።

በዚያች ሌሊት ከራሴ ጋራ ስከራከር አደርሁ። ያቀረብኋቸው ምክንያቶች አራት ነበሩ። አንደኛ፥ ለእኔም የተሸጠችው እንዲሁ ተሸፍና ነው። ሁለተኛ፥ ውሸት አልተናገርሁም፤ እርሱ አልጠየቀኝም። ሦስተኛ፥ አገሩ ደረቅ ስለ ሆነ ዝገቱ ቶሎ አይጎዳውም። አራተኛ፥ እኔ የልጆች አባት ነኝ፤ እርሱ ወጣት ነው፤ ሠርቶ ይተካዋል። እነዚህ ምክንያቶች እያንዳንዳቸው ሲታዩ የሚረቱ አይመስሉም። ልብ ብዬ ሳያቸው ግን አራቱም ስቱኮ ናቸው፤ ከሥራቸው ያለውን ቀዳዳ ለመሙላት የመጡ እንጂ ከእውነት የተነሡ አይደሉም።

ክርክሩን የፈታው ግን ከፍ ያለ አሳብ አልነበረም፤ ክሪክ ነው። በዚህች መኪና ጎማ ለመለወጥ ክሪኩ የሚደገፈው ከበሩ ግርጌ ባለው በዚያው በመወጣጫው ላሜራ ጠርዝ ላይ ነው። የበሰበሰው ስፍራም ከክሪኩ መደገፊያ አጠገብ ነበር። እንግዲህ ያ ልጅ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በጨለማ መንገድ ዳር ጎማው ቢተነፍስበት፥ ክሪኩን በሚያብረቀርቀው ቀለም ሥር ደግፎ መኪናይቱን ያነሣል፤ የበሰበሰው ላሜራ ክብደቱን ባይችል፥ መኪናይቱ በእጁ ወይም በደረቱ ላይ ትወርዳለች። የሸፈንሁት የራሴን ኪሳራ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሸፈንሁት የሰው ልጅ ሊወድቅበት የሚችል ጕድጓድ ኖሯል።

በማግሥቱ ልጁ ገንዘቡን ይዞ መጣ። በመጋዘኑ ወለል ላይ የተበተነ ሚስማር የምሰበስብባትን ትንሽ ማግኔት ከኪሴ አወጣሁና ሰጠሁት። ‹‹በሩ ላይ አስቀምጣት›› አልሁት፤ ማግኔቷ ከብረቱ ጋራ ተጣበቀች። ‹‹አሁን ደግሞ ከበሩ ግርጌ አስቀምጣት›› አልሁት። ወደ ስቱኮው ባስጠጋት ጊዜ አልያዝ ብላ ከእጁ ወደቀች። ማግኔት ብረትን እንጂ ስቱኮን አይስብምና። አንሥቶ ሁለተኛ ሞከረ፤ ደግሞ ወደቀች። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ማግኔቷን ተመለከታት። ከዚያም፥ ‹‹ጋሼ፥ ባይነግሩኝ ኖሮ አላውቅም ነበር›› አለኝ። ‹‹የምታውቅበት ቀን መጥፎ ቀን ይሆን ነበር›› አልሁና ስለ ክሪኩ ነገርሁት። ‹‹ትናንት ማታስ ለምን ዝም አሉኝ?›› ሲል ጠየቀኝ። ለዚህ የሚሆን መልስ አልነበረኝም፤ ‹‹ገንዘቡን ፈልጌ ነው›› ከማለት በቀር።

ልጁ መኪናይቱን አልተዋትም፤ ዋጋውን ግን ወደ ሰባት ሺህ ሪያል አወረድነው። ሁለት ሺህ ሪያል ለእኔ በዚያ ጊዜ ቀላል ገንዘብ አልነበረም፤ አዲስ አበባ ገብቼ የመጀመሪያዎቹን ወራት በብድር ኖርሁ። ከአንድ ወር በኋላ ልጁ ስልክ ደውሎ ላሜራውን አስቈርጦ እንዳስበየደው ነገረኝ። ጨምሮም፥ ‹‹ጋሼ፥ ስቱኮው ሲነሣ ዝገቱ ካሉኝ ይልቅ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ ሄዶ ተገኘ›› አለኝ። ይህ ቃል ከሁሉ ይልቅ በልቤ ቀረ። እኔ ሁሉን እንደ ተናገርሁ አስቤ ነበር፤ የተናዘዝሁት ግን ካለው ያነሰ ነበር። ሆን ብዬ የደበቅሁት አልነበረም፤ ለረጅም ጊዜ ማየት የተውሁትን ነገር ልኩን ላውቀው አልቻልሁም እንጂ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። የሚዝገውን ነገር መንከባከብ ከንቱ ነውን? እኔ እንደሚመስለኝ ወንጌል ያስጠነቀቀው ስለ ማከማቸት ነው፤ ማከማቸትና መንከባከብ ደግሞ አንድ አይደሉም። የሚያከማች ሰው ንብረቱን ቈልፎበት ይሄዳል፤ ቈልፌዋለሁና አይጠፋም ብሎ ያምናል፤ ብሉና ዝገቱም ሥራቸውን የሚሠሩት በዚያ በተቈለፈው ቤት ውስጥ ነው። የሚንከባከብ ሰው ግን ነገሩ እንደሚጠፋ ያውቃል፤ የሚያውቅ ስለ ሆነም በየሳምንቱ ይጎነበሳል። ማረሻ እርሻ ላይ ሲውል ያብረቀርቃል፤ ጎተራ ሥር ሲጣል ይዝጋል። በሥራ የሚውል ዕቃና የሚጠብቀው ባለቤት ከሀብት አምልኮ የራቁ ናቸው።

የዚህን እውነትነት ከታላላቅ ሥራዎችም ማየት ይቻላል። በፓሪስ ከተማ ያለው የኤፌል ግንብ እ.ኤ.አ. በ1889 ዓ.ም. ሲሠራ የቆይታ ፈቃድ የተሰጠው ለሃያ ዓመት ብቻ ነበር። ከ130 ዓመት በላይ የቆመው፥ ብረቱ ከሌላው ብረት የተለየ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሠራተኞች በየሰባት ዓመቱ ገደማ እየወጡ፥ አሮጌውን ቀለምና ዝገት እየፋቁ፥ 60 ቶን ያህል ቀለም በእጃቸው ስለሚቀቡት ነው። በሕንድ አገር በደልሂ ከተማ 1600 ዓመት ያህል ያስቈጠረ፥ ሰባት ሜትር ቁመት ያለው የብረት ዐምድ አለ፤ ፎስፎረስ የበዛበት ስለ ሆነ በላዩ የሚጠብቀው ስስ ሽፋን አብጅቶ ያለ ብዙ ዝገት ቆሟል። ብዙዎቻችን እንደ ደልሂው ዐምድ የሆንን ይመስለናል፤ ነገር ግን እንደ ኤፌል ግንብ ነን። የሪያዱ መስመክም ሆነ የአገራችን የገጠር ቤት፥ የጭቃ ግድግዳው በየጊዜው ካልተለቀለቀ በጥቂት ዝናብ ይፈርሳል። እናቶቻችን ለበዓል ቤታቸውን ሲለቀልቁ፥ ቤቱ ለዘላለም ይቆማል ብለው አይደለም፤ በዚህ ዓመት ለሚገባው እንግዳ ብለው ነው።

መለኪያውም ይህ ይመስለኛል፤ የምንንከባከበው ለማን ነው? መኪናን የሚያመልክ ሰው አለ፤ ያብሳታል፥ ያሳምራታል፥ የታመመ ጎረቤቱን ግን ወንበሯን እንዳያቈሽሽ ብሎ አያሳፍርባትም። የሚንቃትም ሰው አለ፤ ‹‹ዓለም ኀላፊ ነው›› እያለ የፍሬኑን ዘይት ሳያይ ይነዳል፤ ፍሬኑ እምቢ ያለ ቀን የሚጎዳው ግን መንገድ የሚሻገር ልጅ ነው። የሁለቱም ስሕተት አንድ ነው፤ ሁለቱም በመኪናይቱ ውስጥ የሚቀመጠውንና በፊቷ የሚያልፈውን ሰው ረስተዋል። ታማኝ ባለ አደራ ግን መኪናይቱን ስለ ሰው ይጠብቃታል፤ ሻንሲዋ በዝገት ተበልቶ ሰውን የማታድን በሆነች ጊዜም፥ ያለ ኀዘን ከመንገድ ያወጣታል።

ብረትን ከዝገት ከሚጠብቁት ነገሮች አንዱ ዚንክ ነው። የቤታችን ክዳን የሆነው ቆርቆሮ ብረት ሲሆን በዚንክ የተለበጠ ነው። ልባጩ ተጭሮ ብረቱ ቢገለጥ እንኳ፥ ዚንኩ አስቀድሞ ራሱ እየተበላ ለጊዜው ብረቱን ያድነዋል። ያን ሰሞን በአዲስ አበባ በብድር ስኖር፥ ክረምት ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ብዙ ጊዜ ይህን አስብ ነበር። ያጣሁት ሁለት ሺህ ሪያል እንደዚያ ዚንክ ነው፤ እርሱ ተበልቶ የልጁ ደረት ድኗል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

እናንተ መንገደኞች ነገ ወደየአገራችሁ ትመለሳላችሁ፤ አባቶችም በዚህ ትቀራላችሁ። ለሁላችንም የደጃፍ ማጠፊያ፥ የጕድጓድ ባልዲ፥ ወይም እንደ እኔ አሮጌ መኪና በአደራ ተሰጥቶናል። በሳምንት አንድ ሰዓት እንስጠው፤ ማየት የማንወድደውንም ስፍራ ከሁሉ አስቀድመን እንየው። ዝገት ያገኘን እንደ ሆነ እስከ ንጹሑ ብረት ድረስ እንፋቀው፤ መፋቅ ባንችል እንኳ ለሚቀበለን ሰው ስፍራውን እናሳየው። የእኔ ማግኔት ዛሬ ከእኔ ዘንድ የለችም። ልጁ መኪናይቱን ይዞ ሲሄድ ከገንዘቡ ጋራ አልመለሳትም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። እርሱም ከእኔ የገዛትን መኪና ለሌላ የሚሸጥበት ቀን ይመጣልና።